የሱሉልታ አሸዋ ባሕር ሲደርስ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ሱሉልታ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ብርዱን እንዴት ቻለው? ባለፈው በስልክ «ይኼ ሁሉ ጎርፍ በየክረምቱ አፈራችንን ይዞ ሲወርድ ባሕሩ አይሞላም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ መንገዱ። እንጦጦ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል። በከተማው በኩል የሚወርደው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በእናንተ በኩል ያለው ግን ሙገር ገብቶ አባይን ይቀላቀላል። ከጓሮሽ የተነሣች የአሸዋ ቅንጣት ወንዙ ባልተገደበበት ዘመን ሱዳንንና ግብፅን አቋርጣ ሜዲትራኒያን ልትደርስ ትችል ነበር።

ጥያቄሽም ልክ ነው፤ ባሕሩ ይሞላል። የግብፅ ዴልታ ማለት ወንዙ ደለል እያፈሰሰ የሞላው የባሕር ጠርዝ ነው። ደለሉም በአብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። ነገር ግን ወንዙ ያመጣውን ባሕሩ ባመጣበት አያስቀምጠውም። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

ሞገድ ሲመጣ ውሃው ራሱ ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣ ይመስላል። አይደለም። ነፋስ የገብስ ማሳ ላይ ሲያልፍ ልብ በይ፤ ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ገብሱ ግን ከሥሩ አልተነቀለም። የባሕር ውሃም ጥልቁ ላይ ባለበት ክብ ይዞራል። በየ8 ሴኮንዱ የሚመጣ ሞገድ በአንዱና በተከታዩ ጫፍ መካከል 100 ሜትር ያህል ርቀት አለው፤ ውሃው የሚዞረውም እስከዚያ ግማሽ፣ 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ ነው። ከዚያ በታች ፀጥ ያለ ነው። ወደ መሬት ሲቀርብ ታችኛው ክፍል ከወለሉ ጋር ይነካካና ይዘገያል፣ ከኋላ ያለው ይደርስበታል፣ ቁመቱ ይጨምራል። የ1 ሜትር ሞገድ ጥልቀቱ 1.3 ሜትር አካባቢ ሲሆን ይሰበራል። አሸዋውን በጣም የሚያምሰው ይህ መሰበር ነው።

ቀጥሎ የአንቺን ሙያ ይሠራል። ሰፌድ ይዘሽ ስታንገዋልዪ ከባዱ ለብቻው፣ ቀላሉ ለብቻው እንደሚለየው፣ ሞገድም ይለያል። የመረሬው ጭቃ ከ0.004 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቅንጣት ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ተንሳፍፎ ራቅ ብሎ ጥልቁ ላይ ይወርዳል። ዳርቻ የሚሆነው አሸዋው ነው፣ ከ0.06 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለው። ረሺድ በሚባለው የአባይ አፍ ላይ ጥቁር አሸዋ ተከማችቷል፤ ብረት አዘል የሆኑት ከባድ ቅንጣቶች ሞገዱ ቀላሉን አንሥቶ ሲወስድ ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው። ከዝናብ በኋላ በቦዩ ላይ የምታዪው ጥቁር መስመር የዚያ ዘመድ ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለሽ ብትጎትቺበት ይለጠፋል። ፌስታሉን ስትገፍፊው ይራገፋል፤ ያለ ፌስታል ግን ከማግኔቱ ላይ ማላቀቅ መከራ ነው።

ዳርቻውን የሚያጓጉዘው ደግሞ ማጋደል ነው። ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ገደድ ብሎ ይመጣል። አሸዋውን አግድም ይዞ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን ቁልቁለቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቅንጣቷ እንደ መጋዝ ጥርስ እየወጣች እየወረደች ወደ ጎን ትሄዳለች። ሞገዱ እየተሰበረ የሚፈጥረው የጎን ፍሰትም ያግዛታል። በግብፅ ጠረፍ ሞገዱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነሣ አሸዋው ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ የአባይ አሸዋ እስራኤል ውስጥ እስካለችው ሐይፋ አካባቢ ድረስ ደርሷል። ፖርት ሰይድ ላይ ለስዊዝ ቦይ መግቢያ ድንጋይ ሲደረደር፣ በምዕራቡ በኩል አሸዋ እየተጠራቀመ መሬቱ ወደ ባሕር ገፋ።

ስለዚህ ዳርቻ እንደ ጎተራ ነው። የሚገባበት ከሚወጣው ጋር ከተመጣጠነ ቦታው ይጸናል፤ መግቢያው ሲዘጋ ባሕሩ መውሰዱን አያቆምም። የአስዋን ታላቁ ግድብ በፈረንጆች 1970 አልቆ ደለሉን ሁሉ ማለት ይቻላል ሲያስቀር፣ የረሺድ ጠረፍ በአስከፊዎቹ ዓመታት በዓመት 100 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሸ። በ1990 አካባቢ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ተሠራለት። ግንቡ አፉን ያዘው፣ መብላቱ ግን ግንቡ ወዳለቀበት ጠረፍ ዞረ። ቀጥ ያለ ግንብ ሞገዱን መልሶ ስለሚወረውረው ከእግሩ ሥር ያለው አሸዋ ይታጠባል፤ መሠረቱን ጠለቅ አድርገው ካልጣሉትና ከፊቱ ከባድ ድንጋይ ካልከመሩለት ይዘነበላል።

የሚሻለው አሸዋውን መመለስ ነው፤ የሚመለሰው ግን ከነባሩ ያልደቀቀ መሆን አለበት፣ ከደቀቀ በጥቂት ማዕበል ይጠፋል። ማዕበል አሸዋውን ሁሉ የወሰደ ሲመስልም ወዲያው መደንገጥ አይገባም፤ ብዙው እዚያው ቅርብ ውሃ ውስጥ ተደብቆ፣ ረጋ ያለው ሞገድ በወራት መልሶ ያወጣዋል።

«የእኛ ግድብ ነው የግብፅን ዳርቻ ያስበላው» የሚል ካጋጠመሽ፣ ረሺድ የሕዳሴው ግድብ መሠራት ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ይበላ እንደነበር ንገሪው። ዛሬ ከማሳሽ የሚሄደው አፈር የሚሄደው ወደ ራሳችን ግድብ ነው። ስለዚህ እርከኑን አትተዪው፣ የደሾ ሣሩንም ጠርዝ ለጠርዝ አስተክዪ።

ልጆቹ ማየት ከፈለጉ ትልቁን የልብስ ሳፋ አውጪላቸው። ከወንዙ ሦስት ጣሳ አሸዋ ወስደው ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ይጠቡት፤ ካልታጠበ ሳፋው ደፍርሶ ምንም አይታይም። በአንድ ጎን አዘንብለው ይከምሩት፣ ከታች ካለው ጫፍ አራት ጣት የሚሆን ውሃ ይጨምሩ። ከዚያ ማዶ ሆነው ጣውላ በትንሹ ገደድ አድርገው፣ በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብለው ይግፉት። ከቸኮሉ ሞገዱ ከግድግዳው እየተመለሰ ይደባለቃል። በአሥር ደቂቃ አሸዋው ወደ አንድ ጎን ይከማቻል። ያኔ መካከሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያቁሙና ይቀጥሉ፤ ከድንጋዩ ወዲህ የሚሞላውን፣ ወዲያ የሚጎድለውን በዓይናቸው ያያሉ።

ልጅሽ