«ጋፕ አለኝ» ለምትሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ጋፕ አለኝ፣ አልሰጋም» የሚሉ የታክሲና የኡበር ሾፌሮቻችን በዝተዋል። ጋፕ ማለት መኪናው ከጥቅም ውጭ ሲሆን፣ ኢንሹራንሱ በሚገምተው ዋጋና በባንክ ዕዳው መካከል ያለውን ልዩነት የሚሞላ ተጨማሪ ሽፋን ነው። በረዶ በጣለ ሰሞን የእህቴ ባል መኪና ተጋጭቶ «ቶታል» (መጠገኑ አያዋጣም) ሲባል ወረቀቱን ሁሉ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ የምለው አለኝ።

መኪና መጠገኑ አያዋጣም ሲባል ኢንሹራንሱ የሚያየው ከአደጋው በፊት የነበረውን የገበያ ዋጋ ነው። የባንክ ዕዳችሁ አይመለከተውም። የአማቻችን መኪና 21,000 ዶላር ተገመተ፤ ዕዳው ግን 27,400 ነበር። ጋፕ የሚገባው እዚህ 6,400 ላይ ነው። ገንዘቡም በቀጥታ ለባንኩ ይሄዳል። ለቀጣዩ መኪና ቅድመ ክፍያ ይሆነኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ይርሳው።

ጋፑም ቢሆን ሙሉውን አልሞላም። አሮጌ መኪናውን ሲቀይር ከድሮው ብድር የተረፈ 2,000 ዶላር አዲሱ ላይ ተደምሮበት ነበር። ውሉ ይህን አይሸፍንም። የ1,000 ዶላሩን ዲዳክተብልም (ኢንሹራንሱ ከሚከፍለው ላይ የሚቀነሰውን የራስ ድርሻ) አልሸፈነለትም። (ሲፈርም ይህን የነገረው የለም። ቡና ግን ጋብዘውታል።) ጉዳዩ እስኪያልቅ ደግሞ ወርሃዊው ክፍያ አይቆምም፤ የዘገየ ክፍያ ቅጣትን ጋፕ አይነካውም።

አፕ ከፍታችሁ የምትሠሩ ይህን ልብ በሉ። ኢንሹራንሳችሁ ለግል መኪና ብቻ ከሆነና የራይድሼር (በአፕ ሰው የማመላለስ ሥራ) ሽፋን ካልጨመራችሁበት፣ በሥራ ላይ ስትጋጩ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። ዋናው ካልከፈለ ጋፕ የሚቆምበት መሬት የለውም። አንዳንዱ የጋፕ ውልም ለንግድ የሚሠራ መኪናን ጭራሽ አያስገባም።

ዲለሩ (መኪና ሻጩ) ጋር ጋፕ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ይሸጣል። ብድሩ ላይ ስለሚደመር ወለድም ይቆጠርበታል። የራሳችሁ ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚሸጥ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጣም ይረክሳል፤ መጀመሪያ እዚያ ደውሉ። «ባንኩ ግዴታ ብሏል» ካሏችሁ፣ የተጻፈበትን አሳዩኝ በሉ።

ብድራችሁን ቀድማችሁ የጨረሳችሁ ወይም ወደ ሌላ ባንክ ያዛወራችሁም አላችሁ። ከዲለሩ ለገዛችሁት ጋፕ፣ ላልተጠቀማችሁበት ጊዜ የሚመለስ ገንዘብ ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ካልጠየቁ አይመጣም። በጽሑፍ ጠይቁ፣ ኮፒውንም አስቀሩ።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ