ለልጄ፦ ለኮምፒዩተር በዓል ከሁሉ በፊት ጥር 11ን ጻፊ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ለምትሰቅሉት ቀን መቁጠሪያ ከኮምፒዩተርና ከመገናኛ ታሪክ በዓል የሚሆኑ ቀኖች እንድመርጥልሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የዚህኛው ማሽን ልደት፣ የዚያኛው ፈጣሪ ሙት ዓመት እያሉ መደርደር አይከብድም፤ ግን እንዲህ ያለው በዓል ኬክ ተቆርሶ ያልቃል። እኔ የመረጥኩልሽ ሥራ ያለባቸውን ቀኖች ነው። ቀኑ ሲደርስ አንድ ነገር ይፈተሽበታል።

ከሁሉ በፊት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.ን ጻፊ። ጥምቀት መሆኑን አልሳትኩትም፤ ችግሩም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 03:14:07 ላይ ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒዩተር ማስኬጃ ሥርዓት የሚቆጥርበት 32 ቢት ሰዓት ይሞላል። የእኛ ሰዓት ዩቲሲን በ3 ሰዓት ስለሚቀድም ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው፤ ታቦታቱ ገና ከጥምቀተ ባሕር ሳይነሡ። ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው። ተረኛ ቀድሞ ካልተመደበ ስልክ የሚያነሳ አይገኝም።

ዩኒክስና የእሱ አምሳያ ሊኑክስ በውስጣቸው ቀንና ወር አያውቁም። የሚያውቁት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ዩቲሲ እኩለ ሌሊት ካለፈ ወዲህ ስንት ሰከንድ እንደተቆጠረ ብቻ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ለአንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ይይዛሉ። ቁጥሩ በ32 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ በሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች) ሲቀመጥ አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይሄዳል፤ በቀሩት 31 ቢቶች የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። አንድ ሰከንድ ሲጨመርበት የምልክቱ ቢት ይገለበጥና ቁጥሩ −2,147,483,648 ይሆናል። ማሽኑም ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይላል፤ ዐፄ ምኒልክ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ።

የዩኒክስን ፈጣሪዎች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺን አርቆ ባለማየት የሚወቅስ ሰው ይኖራል፤ እኔ አልወቅስም። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከዚያው ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ፣ በሰከንድ አንድ ስልሳኛ ነበር። በዚያ አቆጣጠር 32 ቢት ሙሉውን ቢጠቀሙበት እንኳ 828 ቀን ብቻ ነው የሚያስኬደው። መነሻውን ደጋግመው ካዛወሩ በኋላ ወደ ሙሉ ሰከንድና ወደ 1970 መጡ፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የማይሞላውን ዕድሜ ወደ 68 ዓመት አደረሱት።

«የእኛ ሰርቨሮች 64 ቢት ናቸው፣ አይመለከተንም» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑ ግማሽ መልስ ነው። ዲስክ ላይና ዳታቤዝ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ስፋቱ ሌላ ነው። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ታይምስታምፕ የሚባለው የዓምድ ዓይነት ከዚያች ሰከንድ በላይ አይቀበልም፤ ዴትታይም ግን እስከ 9999 ይሄዳል። ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ላይ ኢኖዱ (ስለ እያንዳንዱ ፋይል መረጃ የሚያዝበት መዝገብ) 128 ባይት ከሆነ የፋይሉ ቀን 2038 ላይ ይቆማል፤ 256 ባይት ከሆነ እስከ 2446 እ.ኤ.አ. ይደርሳል። 128 የሆኑትን በብዛት የምታገኚያቸው በድሮ ጊዜ ፎርማት የተደረጉ ወይም እንደ ቡት ያሉ ትናንሽ ክፍልፋዮች ላይ ነው። ለመለየት አትድከሚ፤ ከ5.4 ወዲህ ያለው የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) እንዲህ ያለ ዲስክ ሲገጠም ራሱ ያስጠነቅቃል። ሎጉ ውስጥ 2038 ብለሽ ፈልጊ። ካገኘሽ መጠባበቂያ ያዢ፣ በ256 ባይት ፎርማት አድርጊና መልሺ። በ32 ቢት ማሽን ላይ ደግሞ ከርነሉ ቢያንስ 5.6 መሆን አለበት፤ በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞችም በ64 ቢት ሰዓት እንደ አዲስ መጠናቀር አለባቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። የደኅንነት ካሜራ መቅጃ፣ የበር መክፈቻና የሰዓት መፈረሚያ ማሽን ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር ግን አንቺ ልትከፍቺው አትችዪም፤ ለአቅራቢው በደብዳቤ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ።

ፈተናውን እንዲህ አድርጊው። የሰርቨሩን ቅጂ ቨርችዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒዩተር) ላይ አንሺና ከኔትወርክ ቁረጪው፤ አለበለዚያ የወደፊት ቀን የያዘ ኢሜይልና ክፍያ ወደ እውነተኛው ዓለም ይለቃል። የሰዓት ማስተካከያውን አጥፊ። ቨርችዋል ማሽኑን የሚያስተናግደው ኮምፒዩተርም በጓሮ በር ሰዓት ያስተካክላል፤ እሱንም ዝጊው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ሰዓቱ በራሱ ወደ ዛሬ ሲመለስበት «አለፍን» ብሎ ይጽፋል። ስናፕሾት (የማሽኑን የአሁን ሁኔታ ቅጂ) ያዢ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ጃንዋሪ 18 ላይ አድርጊ፤ 19 አላልኩም። የምስጢር ሰርተፊኬቶች ጊዜ ያልፍባቸዋል፣ የይለፍ ቃሎች ያረጃሉ፣ ፈቃዶች ይቃጠላሉ። ይህ ሁሉ የ2038 ችግር አይደለም፤ ብዙ ዓመት ወደፊት ስለዘለልሽ ብቻ የመጣ ነው። የተበላሸውን ሁሉ መዝግቢ። ከዚያ ወደ ስናፕሾቱ ተመለሺና ሰዓቱን ጃንዋሪ 19፣ በዩቲሲ 03:10:00 ላይ አድርጊ፤ ማሽኑ በአዲስ አበባ ሰዓት 06:10 ነው የሚልሽ። አራት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ጠብቂ። ከመጀመሪያው ዝርዝር ውጭ አዲስ የተበላሸ ነገር ካለ፣ የምትፈልጊው እሱን ነው። ዳታቤዝ ላይ አንድ መዝገብ ጻፊ፣ ፋይል ፍጠሪና ቀኑን እዪ፣ በሰዓት የሚነሡ ሥራዎች መነሣታቸውን ተመልከቺ። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፍተሽ አብሪው፤ ሲነሣ ቀኑን ከሃርድዌሩ ሰዓት ስለሚያነብ እዚያ የሚወድቅ አለ። ሲያበቃ ቅጂውን ደምስሺው። ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሰሽ ልጠቀምበት እንዳትዪ፤ የወደፊት ቀን የያዙት ፋይሎች መጠባበቂያውን ያምሱታል።

ችግሩ ደግሞ ቀኑን አይጠብቅም። ኤኦኤልሰርቨር የሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ላይ «ጊዜው ፈጽሞ አይለፍ» ለማለት ከአሁኑ ሰዓት ላይ 1 ቢሊዮን ሰከንድ ይደመር ነበር። ግንቦት 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10፡27 አልፎ ድምሩ 2038ን ተሻገረ፤ ፈጽሞ የማያልፍ የተባለው ጊዜ ያለፈ ሆኖ ተገኘ፣ ሰርቨሮቹም ወደቁ። የ20 ዓመት ብድር፣ የጡረታ ቀን፣ የሊዝ ውል የሚያሰላ ሶፍትዌር ካላችሁ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።

በመንገዱ ላይ ትንንሽ በዓላት አሉ። ቆጣሪው 1 ቢሊዮን የሞላው በ1993 ዓ.ም.፣ ለጳጉሜን 4 አጥቢያ ከሌሊቱ 10፡46፡40 ነበር፤ ኮፐንሃገን ላይ የዴንማርክ የዩኒክስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ድግስ ደግሶለታል። የዚያን ሌሊት ኬሜይልን የመሰሉ የኢሜይል ፕሮግራሞች ሰዓቱን እንደ ጽሑፍ ይደረድሩ ስለነበር በ1 የሚጀምረውን ባለ 10 አኃዝ ቁጥር በ9 ከሚጀምረው ባለ 9 አኃዝ በፊት አስቀመጡት፤ አዲሱ ደብዳቤ ከአሮጌው ሥር ገባ። 1234567890 ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ለየካቲት 7 አጥቢያ አለፈ። እሱ ቁጥሩ ስለሚያምር ብቻ ነው፣ የሚፈተሽ ነገር የለውም።

ጥር 29 ቀን 2028 ዓ.ም.ንም ጻፊ። ኮምፒዩተሮች ሰዓት የሚተካከሉበት ኤንቲፒ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ32 ቢት፣ ያለ ምልክት ነው የሚቆጥረው፤ ከጠዋቱ 3፡28፡16 ላይ ይሞላና ከዜሮ ይጀምራል። በትክክል የተጻፈ ፕሮግራም የትኛው ዙር ላይ እንዳለ ስለሚያውቅ አይናጋም። ያሳሰበኝ ባትሪው የሞተበት፣ ሲነሣ ቀኑን ከኔትወርክ ብቻ የሚጠይቅ ርካሽ መሣሪያ ነው።

ዓመት በዓል ከፈለጋችሁ ጥቅምት 20 አለላችሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ካሊፎርኒያ ላይ ከምሽቱ 10፡30 በፈረንጅ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ነግቶ ጥቅምት 20 ቀን 1962 ጠዋት 3፡30፣ ቻርሊ ክላይን ከዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ ምርምር ተቋም «ሎግን» ብሎ ለመግባት የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ላከ። «ኤል» ደረሰ፣ «ኦ» ደረሰ፣ «ጂ» ላይ የዚያኛው ማሽን ወደቀ። ሦስቱን ፊደል ሲያይ ትእዛዙን አውቆ የቀረውን በአንድ ጊዜ ሊመልስ ሞከረ፤ የተዘጋጀለት ቦታ ግን ለአንድ ፊደል ብቻ ነበር። በወዲያኛው ጫፍ የነበረው ቢል ዱቫል ቦታውን አሰፋው፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ግንኙነቱ ሰመረ። የበዓሉ ሥራ ግልጽ ነው፦ በየፎርማችሁ ላይ ከተጠበቀው በላይ ረጅም ነገር ማስገባት።

በዚያ ቀን ስለ ፊደላችንም አስቡ። ግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጣቸው መዝገብ) ውስጥ የገባው በ3.0 ዕትም፣ ሴፕቴምበር 1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአሥራ ስድስት መደብ አቆጣጠር (ሄክሳዴሲማል) ሀ ቁጥር 1200 ላይ ይጀምራል። የዩኒኮድ ቁጥሮች በሚጻፉበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ዓምዱ 20 ባይት ቢሆን «ወልደ ጊዮርጊስ» አይገባም፦ እስከ «ወልደ ጊዮር» 19 ባይት ነው፣ የቀረችው አንድ ባይት ለ«ጊ» አትበቃም። ልብ የሌለው ፕሮግራም ፊደሉን ከመሐል ይቆርጥና መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። ኤስኤምኤስም እንዲሁ ነው። አንዱ መልእክት 140 ባይት ነው፤ በላቲን በ7 ቢት 160 ፊደል ይይዛል፣ አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ግን ሙሉው ወደ 16 ቢት ይዞርና 70 ብቻ ይሆናል። 71ኛዋ ፊደል ስትጨመር ለሁለት ይከፈላል፤ መቀጠያ ምልክት ስለሚገባ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። ለደንበኛ የምትልኩትን ማስታወቂያ በዚህ ቁጥር ለኩት።

ታኅሣሥ 23ን ሁለት ጊዜ ልትጽፊው ትችያለሽ። የዩኒክስ መነሻ ነው አልኩሽ፤ በ1975 ዓ.ም. በዚያው ቀን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983፣ አርፓኔት ኤንሲፒ ከሚባለው አሮጌ የመገናኛ ደንብ (ፕሮቶኮል) የዛሬው ኢንተርኔት ወደሚሠራበት ቲሲፒ/አይፒ ተሻገረ። የኮምፒዩተር ሊቁ ጆን ፖስቴል ዕቅዱን ያወጣው ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. አሮጌውን ፕሮቶኮል አንድ ጊዜ ለአንድ ቀን፣ ኋላም ለሁለት ቀን ዘግተው ማን እንደሚጮህ አዩ። ያ ልማድ ሊወረስ ይገባዋል፤ ልታስወግዱት የምታስቡት ነገር ካለ ለአንድ ሰዓት አጥፉትና አዳምጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ስለ መቀየር። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 የፈረንጁ ቀን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይንሸራተታል፤ ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ከማርች ወዲህ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግን አይንቀሳቀስም። ለዚህ ነው ግንቦት 16 የሚመቸኝ። የፕሮግራመሮች ቀን የሚከበረው በዓመቱ 256ኛ ቀን ነው፤ ሩሲያ በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ ደንግጋዋለች። በእኛ አቆጣጠር ስምንት ወር 240 ቀን፣ ከዚያ 16 ሲጨመር ግንቦት 16 ላይ ያርፋል፤ ይህም በዚህ ክፍለ ዘመን ሁልጊዜ ሜይ 24 ነው፣ ሞርስ በ1844 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በቴሌግራፍ መልእክት የላከበት ቀን። አጋጣሚ ነው፣ ግን ይጣፍጣል።

ትልቁን ድግስ ግንቦት 10 ቀን 2025 ዓ.ም. አድርጉት። ከጠዋቱ 12፡33፡20 ላይ ቆጣሪው 2 ቢሊዮን ይሞላል። ረቡዕ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆነ ጾም የለበትም። ከዚያች ሰዓት እስከ ጥምቀቱ ጠዋት 1,707 ቀን ገደማ ይቀራል፤ ከላይ የነገርኩሽን ፈተና በዚያ ሳምንት ብታደርጊው፣ የሚተካ ዕቃ ከተገኘ ለበጀትም ለግዢም ጊዜ አለው። የአቅራቢዎቹን ደብዳቤ ግን እስከዚያ አታቆዪው፣ ዘንድሮ ላኪው።

እናትሽ ሰላም ትልሻለች።

አባትሽ