«ግፊት ጨምርበት» መልስ አይሆንም፦ ስለ ስፕሬይ ገናችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ጉድለት ያለበት ስፕሬይ ገን እንዲቀየርልኝና ማኑዋሉ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ከእናንተ የገዛሁት ኩባያው ከላይ የሆነ፣ ባለ 1.4 ሚሊሜትር ኖዝል (የቀለሙ መውጫ አፍ) ኤች ቪ ኤል ፒ ስፕሬይ ገን፣ ማለትም በብዙ አየርና በዝቅተኛ ግፊት ቀለም የሚረጭ መሣሪያ ነው። የገዛሁት የእንጨት በሮች ቫርኒሽ ለመቀባት ነበር። በሮቹ ተላግተው፣ አቧራቸው ተጠርጎ፣ እስካሁን ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ።

ችግሩ ይሄ ነው። ወረቀት ለጥፌ፣ ገኑን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር አርቄ ቃታውን ለአፍታ ስስበው፣ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ ረዘም ያለ ሞላላ መውጣት ነበረበት። የሚወጣው ግን ወደ አንድ ጎን የጎበጠ ሙዝ ነው። በዚህ በር ብቀባ አንዱ ጠርዝ ይንጠባጠባል፣ ሌላው ደርቆ ይሻክራል።

ደወልኩላችሁ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሁት ነው፤ በሱ ቅር አላለኝም። መልሱ ግን «ግፊት ጨምርበት» ብቻ ሆነ። ስንት ላድርገው ስለው «ማኑዋሉ ላይ አለ» አለኝ።

ማኑዋሉ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ነው፦ ከፍተኛ ግፊት 8 ባር። ይሄ እኮ ጣሪያው ነው እንጂ የሚሠራበት ግፊት አይደለም! ኤች ቪ ኤል ፒ የሚባለው ገን ኤር ካፑ (ከኖዝሉ ፊት የሚገጠመው፣ አየር የሚወጣበት ክዳን) ላይ የሚደርሰው ግፊት ከ0.7 ባር እንዳያልፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ለዚያ ደግሞ የገኑ የአየር መግቢያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 2 ባር አካባቢ ይበቃል። ማኑዋላችሁን ያመነ ጀማሪ 8 ባር ቢለቅበት ቫርኒሹ ጭጋግ ሆኖ አየር ላይ ይቀራል፤ በሩ ላይ የሚያርፈው ጥቂት ነው። ግፊቱ የሚነበበው ቃታው ተስቦ አየር እየወጣ እያለ መሆኑም የትም አልተጻፈም። ቃታው ሳይሳብ ጌጁ የሚያሳየው ቁጥር አየሩ መፍሰስ ሲጀምር ይወርዳል። ሦስቱ ማስተካከያዎችስ? የመርጫውን ስፋት፣ የቀለሙን መጠንና አየሩን የሚቆጣጠሩት ማለቴ ነው። ሥዕሉ ላይ ቁጥር ተሰጥቷቸው ከሥር «እንደ አስፈላጊነቱ ያስተካክሉ» ይላል። አመሰግናለሁ፣ በጣም ረዳኝ።

ለማንኛውም የኔ ችግር ከግፊት አይደለም። ግፊት ሲበዛ ሞላላው መሐሉ ላይ ይሳሳና ለሁለት ይከፈላል። ሲያንስ ደግሞ ቀለሙ መሐል ላይ ይከመራል፣ ነጠብጣቡም ይተልቃል። ወደ አንድ ጎን መጉበጥ የግፊት ጠባይ አይደለም። ቫርኒሹም ቢሆን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ በቲነር ቀጥኖ፣ በማጣሪያ አልፎ ነው የገባው።

ስለዚህ የሚያጣራውን ነገር አደረግሁ፤ ኤር ካፑን ግማሽ ዙር አዞርኩት። ጉብጠቱ ከካፑ ጋር ዞሮ ቢሆን ጥፋቱ የካፑ ነው፤ ከካፑ ፊት ወጣ ያሉት ቀንዶች ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች አጽድቶ መገላገል ይቻል ነበር። አልዞረም። ያው ጎን ላይ ጎበጠ። ካፑን አውልቄ ኖዝሉን በአጉሊ መነጽር ሳየው አፉ በአንድ በኩል ትንሽ ተሸርፏል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዘኛል። «ሽቦ አስገብተህ ጎርጉረኸው ይሆናል» እንዳትሉኝ፤ ኖዝሉን የነካው ከእሽጉ ጋር የመጣው ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው።

የምጠይቀው ይሄን ነው። ኖዝሉን፣ እሱን የሚከፍትና የሚዘጋውን መርፌና ኤር ካፑን ሦስቱንም አንድ ላይ ቀይሩልኝ። እርስ በርስ ተገጣጥመው የሚሠሩ ስለሆኑ ኖዝሉን ብቻ ልካችሁ ሌላ ጣጣ ውስጥ አትክተቱኝ። መለዋወጫው ከሌላችሁ ገንዘቤን መልሱልኝ፣ ገኑን እመልሳለሁ። ማኑዋሉ ላይም የሚሠራበትን ግፊት ጻፉ፤ ለኔ ባይደርስ ለሚቀጥለው ገዢ ይደርሰዋል። ስልክ የሚያነሱ ሠራተኞቻችሁም «ግፊት ጨምር» ከማለታቸው በፊት «ካፑን አዙረህ አይተሃል?» ብለው ይጠይቁ።

ካፑ ከመዞሩ በፊትና ከዞረ በኋላ የተረጩትን ወረቀቶች ፎቶ፣ የኖዝሉን አፍ በቅርበት የሚያሳይ ፎቶና ደረሰኙን አያይዣለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ፤ በስልክ ከሆነ ያው ግፊት ጨምር መባሌ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ