ብርቱካኑን አታቁስሉት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ብርቱካን ተወደደ ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩ፣ እውነት ነው ተወዷል፣ ግን ሻግቶ ስለሚጣለው ማንም አያወራም እኮ። እኔ ፍራፍሬ ነጋዴ ነኝ፣ የተማርኩት ደሞ ዕፅዋት ሳይንስ ነው፣ እና በጣም የሚያናድደኝ ብዙውን ሻጋታ በገዛ እጃችን የምናመጣው መሆኑ ነው።

ያ አረንጓዴው ሻጋታ ፔኒሲሊየም ዲጂታተም ይባላል፣ ደህናውን ልጣጭ በስቶ መግባት አይችልም፣ ቁስል ይፈልጋል። ፍሬው ከዛፉ ላይ ተጎትቶ ሲነቀል ከቅርንጫፉ የተያያዘበት ጋ ይቀደዳል፣ ጆንያ ውስጥ ሲወረወር ይጫጫራል፣ በቃ መግቢያ ተገኘ። የሚገርመው ልጣጩ ሲቧጠጥ የሚወጣው ያ ደስ የሚል ሽታ ያለው ዘይት ውስጥ ሊሞኒን የሚባል ነገር አለ፣ የሻጋታው ዘር እሱ ሲሸተው ነው ነቅቶ ቶሎ የሚበቅለው። መጀመሪያ ውሃ ያዘለ ለስላሳ ቦታ ታያላችሁ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ስርጉድ ይላል፣ ከዛ ነጭ ይሆናል ቀጥሎ መሀሉ አረንጓዴ ዱቄት፣ ዱቄቱ የሻጋታው ዘር ነው።

ፍሬው ግን ዝም ብሎ አይሸነፍም፣ ከተቆረጠም በኋላ ሕይወት አለው። ሻጋታው ፈንገስ ነው፣ የሴሉ ግድግዳ ውስጥ ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር አለ፣ የካይቲኑ ቁርጥራጭ ሲነካቸው የፍሬው ሴሎች ያውቁታል፣ ወዲያው ካልሲየም ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ ወራሪውን የሚያጠቃ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ፣ ጃስሞኒክ አሲድና ኤትሊን የሚባሉት ሆርሞኖች ደሞ መልእክቱን ያዛምታሉ፣ ከዛ ካይቲኑን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይሰራል፣ ፈንገስ የሚገታ ስኮፓሮን የሚባል ኬሚካል ይከማቻል፣ የቁስሉ ዙሪያ እንጨትን በሚያጠነክረው ሊግኒን ይደድራል። ችግሩ ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሻጋታው ደሞ ፈጣን ነው፣ ሲትሪክ አሲድ እያመነጨ ያንን ፐርኦክሳይድ ያዳክምበታል። ፍሬው እየበሰለ በሄደ ቁጥርም መከላከያው ይቀንሳል፣ ለዛ ነው ጥሬው የሚችለውን የበሰለው የማይችለው።

እስራኤል ውስጥ ተመራማሪዎች ትልቁን ቢጫ ሎሚ እርጥበት ባለው ክፍል 36 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ለ3 ቀን ሲያቆዩት ቁስሉ ደድሮ ስኮፓሮኑም ጨምሮ ሻጋታው ቀንሶላቸዋል፣ ያውም ያለ መድኃኒት። ክፍሉን ነገውኑ እንስራ አላልኩም፣ ግን ፍሬው ጊዜ ካገኘ ራሱን መከላከል እንደሚችል ያሳያል።

ቅጠሉና ፍሬው ላይ ነጠብጣብ የሚያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአንጎላና ከሞዛምቢክ የተመዘገበው ፈንገስ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ እኛም አገር ገብቶ ብርቱካናችንን ጎድቶታል መፍትሄውም እርሻው ላይ ነው። የአረንጓዴው ግን ከለቃሚው ጀምሮ እኛው ጋ ነው ያለው።

ስለዚ እባካችሁ ግብርና ገጻችሁ ላይ ለለቃሚና ለጫኝ ይሄን ጻፉልን፦ ፍሬው በመቀስ ይቆረጥ እንጂ አይጎተት፣ ለቃሚው ጥፍሩን ያሳጥር፣ ከጆንያ ይልቅ ሳጥን ይሁን፣ የሻገተ ሲገኝም እዛው ሳይራገፍ ቀስ ተብሎ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ይውጣ፣ ዱቄቱ በአየር ሄዶ የተጫጫረው ሁሉ ላይ ነው የሚያርፈው።