ቅዳሜ 8 ሰዓት፣ የፓወር ፋይሉን እንጨርስ

ሰላም ጓዶች፣ ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት 5 ኪሎ የተለመደው ካፌ ፎቅ ላይ እንገናኝና የቺፕ ዲዛይናችንን የፓወር ፋይል በዩፒኤፍ (የቺፕ ኃይል አቅርቦት መግለጫ ፎርማት) እንጨርሰው። ሶኬት ያለው ጥግ ቶሎ ስለሚያዝ 7 ተኩል መድረስ የሚችል ሰው ቦታ ይያዝልን።

ለአዲሶቹ፣ ዩፒኤፍ አክሴሌራ የተባለው የቺፕ ዲዛይን ስታንዳርድ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ነው፣ በ2009 የአይትሪፕልኢ (ዓለም አቀፉ የኢንጂነሮች ማህበር) ስታንዳርድ 1801 ሆኖ ጸደቀ፣ የትኛው ብሎክ እንደሚጠፋና በስንት ቮልት እንደሚሰራ ቬሪሎጉን (የሰርኪዩቱን ኮድ) ሳንነካ ለብቻው የምንጽፍበት ነው።

ባለፈው ሲሙሌሽን ላይ ያየነውን አስታውሱ፣ የታይመሩ ዶሜይን (አብሮ የሚበራና የሚጠፋው ክፍል) ሲጠፋ የኢንተራፕት መስመሩ ኤክስ (0 ይሁን 1 የማይታወቅ) ሆነና ሁሌ በርቶ የሚቆየው ብሎክ ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ቀይ በቀይ አደረገው፣ ምክንያቱ አይሶሌሽን (ከጠፋ ብሎክ የሚወጣውን ሲግናል 0 ወይም 1 ላይ መያዝ) አለመጻፋችን ብቻ ነው። ቺፑ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ ይሄ አይስተካከልም፣ በጣም ነው የሚያሳስበኝ። ስለዚህ እባካችሁ እያንዳንዳችሁ ከሚጠፋው ብሎካችሁ የሚወጣውን ሲግናል በሙሉ ዘርዝሩና ሲጠፋ 0 ላይ ይሁን 1 ላይ እንደሚያዝ ጽፋችሁ ኑ። ቮልቴጁ የሚለያይ ካለ ሌቭል ሺፍተር (የሲግናሉን ቮልቴጅ የሚቀይር ሰርኪዩት) የሚገባበትንም ምልክት አድርጉበት።

የምንወስነው ሪቴንሽን (ብሎኩ ሲጠፋ ሬጅስተር የያዘው ዳታ እንዳይጠፋ ማቆየት) ነው። ሁሉም ሬጅስተር ላይ ካደረግን የቺፑን ቦታ ይበላል፣ እኔ ኮንፊገሬሽን (ሴቲንግ የሚይዙት) ሬጅስተሮቹ ብቻ ይበቃሉ ባይ ነኝ፣ የማትስማሙ ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ።

ላፕቶፕ ቻርጅ አድርጋችሁ አምጡ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የብሎካችሁን ስም እዚሁ ጻፉልኝ፣ የማትችሉም ፋይላችሁን ላኩልኝ።