እየዘለልኩ ስለተረጎምኩልሽ ፊልም

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ እንደሆነች አውቃለሁና አስቀድሜ ለእሷ አንድ ቃል አለኝ። ሚጣ፣ አደራሽን፣ እየዘለልሽ እንዳታነቢ። ያለውን እንዳለ አንብቢላት። ለምን እንደምልሽ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል።

እማዬ፣ ባለፈው በስልክ ስናወራ "ሰሞኑን በቲቪ ምን እየተከታተልሽ ነው?" ብልሽ "አንተ የምትንቀውን" አልሽኝ። ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ብሎ ሰነበተ። እውነትሽን ነው፣ ንቄ ነበር። የንቀቴ ምክንያት ግን ያኔ የነገርኩሽ አልነበረም።

የሽሮ ሜዳውን ቤት አስቢው። ባለ 14 ኢንቹ ቲቪ ዳንቴሉን ለብሶ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አንቺ በርጩማሽ ላይ እንዝርትሽን ይዘሽ፣ እኔ ደግሞ እግርሽ ሥር። ለሸማኔው የሚደርስ ማግ ስለማይጠፋ ዓይንሽ ሁልጊዜ ጥጡ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ የፈረንጅ ፊልም ሲመጣ ቲቪውን በጆሮሽ ነበር የምታዪው። "ምን አለ?" "እሷስ ምን አለችው?" ስትዪኝ እኔ ነኝ የምመልሰው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ ከጠረጴዛና ከወንበር ብዙም አላለፈም። ሰውዬው ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሲለፈልፍ ቆይቶ እኔ "ተቆጣ" እላለሁ። "ይሄን ሁሉ አውርቶ ተቆጣ ብቻ?" ትያለሽ። "በጣም ተቆጣ" እልሻለሁ።

ያልገባኝን እዘላለሁ። መዝለሉ ሲበዛብኝ ከራሴ እፈጥራለሁ። ሲሳሳሙማ ከነአካቴው ጸጥ ነው፤ አንቺም አትጠይቂኝም።

አንዷን ግን ልናዘዝልሽ። አጎቴ ባረፈበት ዓመት ነው። በፊልሙ ላይ አንድ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሞተ። የአንቺ ሐዘን ገና አልወጣም፣ ጥቁር እንደለበስሽ ነሽ። "ምን ሆነ?" ስትዪኝ "ሌላ አገር ሄደ" አልኩሽ። ለካ ቀና ብለሽ አይተሻል። "ታዲያ ነጭ ጨርቁን ለምን እፊቱ ላይ ይስቡበታል?" አልሽኝ። "ብርድ ስለሆነ" አልኩ። እንዝርቱ ቆመ። ከዚያ ምንም ሳትዪ ጭንሽ ላይ አሽተሽ መልሰሽ አሾርሽው። ያን ቀን ያመንሽኝ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ልጅ ካሳደግሁ በኋላ እንኳን ማመን፣ እንዳላፍር ብለሽ ዝም እንዳልሽ ይገባኛል።

አድጌም ያቺን ሥራዬን አልተውኳትም። ዲሽ ካስገባን በኋላ ደግሞ ባሰ። ከዓረቦቹ ጣቢያዎች የሚመጣው ፊልም ድምፁ እንግሊዝኛ፣ ከሥሩ የሚሮጠው ጽሑፍ ዓረብኛ፤ እኔ ከሌለሁ ለአንቺ ስዕል ብቻ ነው። "ሰው ለሰው" ሲጀመር ግን እኔ ሥራ ፈታሁ። አስናቀን ለመርገም አስተርጓሚ አያስፈልግሽም። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሲንጫጫ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ "አበበ ባልቻ ግን ጥሩ ይሠራል" እያልኩ የአዋቂ አስተያየት እሰጥ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም እንጂ።

ከዚያ በ2008 ቃና መጣ።

አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አንቺ ጥጥሽን ይዘሽ "ጥቁር ፍቅር" ላይ ነሽ። ሰላም ልልሽ አፌን ስከፍት እጅሽን ወደ እኔ ዘርግተሽ "ቆይ እስቲ፣ ኦመር እየተናገረ ነው" አልሽኝ። ኦመር የኢስታንቡል ፖሊስ ነው፤ አማርኛው ግን ከእኔ ይጠራል። ከንፈሩ ካቆመ በኋላ ድምፁ ትንሽ ይቀጥላል፤ አንቺ ደግሞ ከንፈሩን አታዪው፣ ዓይንሽ ጥጡ ላይ ነው። ለአንቺ ምንም ጉድለት የለበትም።

እኔም ንግግሬን ጀመርኩ። ባህላችንን የሚበርዝ ነው፣ የሰው አገር ድራማ ምን ያደርግልናል፣ የራሳችን እያለ አልኩ። በዚያን ሰሞን የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ተቃውሞ ያሰሙ ስለነበር ቃሉ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የእነሱስ ስጋት የእንጀራ ነው፣ አልፈርድባቸውም። አንቺ ማጉን ከእንዝርቱ ላይ እያወረድሽ "ባህሌን አንተ ልትነግረኝ ነው?" ብለሽ ወደ ቲቪው ዞርሽ። አገር የሚለብሰውን ጥበብ ክር ስትፈትል ለኖረች ሴት ባህል ሳስተምር!

የእኔም ነገር ለካ የእንጀራ ነበር። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የያዝኩትን ሥራ አንድ ጣቢያ መጥቶ በአንድ ምሽት ወሰደብኝ። "ምን አለ?" የሚለኝ ጠፋ። ጭራሽ እኔ "ምን አለ?" ብዬ ጠየቅሁሽ፤ አንቺም ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ የኦመር እጮኛ ከኤሊፍ አባት ጋር መኪና ውስጥ ሞታ ከተገኘችበት አንስተሽ፣ አንዲት ነገር ሳትዘዪ ተረክሽልኝ። ያኔ ነው የከፋኝ። እየዘለልኩ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን እዚህ ፍራንክፈርት አብራኝ የምትሠራ ቱርካዊት አለች። ስለ አንቺ ነግሬያት ስትስቅ ዋለች። "ሁልጊዜ ልቤን ሰቅለው ያቆሙታል" የምትዪው ለምን እንደሆነ ከእሷ ነው የገባኝ። እዚያው በአገራቸው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚተላለፈው፤ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ለውጭ አገር ሲሸጥ ግን በትንንሹ ይቆራርጡታል። አንቺን ሰቅሎ የሚያቆምሽ ደራሲው ሳይሆን መቀሱ ነው። ቋንቋቸውም እንደኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለዚያ ይሆናል በአማርኛ ሲናገሩ ያን ያህል የማይጎረብጠው። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ ለቡና ጎረቤቶችሽ እንደ እውነት እንዳትነግሪያቸው።

እኔ እዚህ የማየውን ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። እሁድ ጠዋት ከልጄ ጋር የአይጥ ፕሮግራም አያለሁ። ብርቱካንማ አይጥ ናት፣ ሰማያዊ ዝሆን ጓደኛ አላት። ከ1971 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እስካሁን አለች። በመሃል በመሃል ዳቦ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሌላውም ነገር ከየት እንደሚመጣ ያሳያሉ። የወደድኩላቸው መግቢያውን ነው፤ የዕለቱን ዝርዝር በጀርመንኛ ካሉት በኋላ እንደገና በሌላ አገር ቋንቋ ይሉትና የምን ቋንቋ እንደነበር ይናገራሉ። ድሮ በ1970ዎቹ ለሥራ የመጡ ሰዎች ልጆች በየአፋቸው እንዲሰሙ ብለው የጀመሩት ነው። በየሳምንቱ አማርኛ ይመጣ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ እኔ ባየሁበት እሁድ ገና አልመጣም።

ጀርመኖቹ ፈጠን ብለው ሲያወሩ ያመልጠኛል። "ምን አለ?" እላታለሁ፤ ልጄ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል "ምንም" ትለኛለች። ሦስት ደቂቃ አውርቶ ምንም! ሰባት ዓመቷ ነው እንግዲህ፣ ምን ልበላት?

ያለፈው ወር እሁድ ትዝ ይልሽ የለ? በኢሞ ደውለሽ ልጄ ስልኩን ወደ ቲቪው አዙራ አሳየችሽ። አይጧ አንድ ነገር ስትሠራ ቆይታ ዓይኗን አርገብግባ ሄደች። አንቺ "ምን አለች?" አልሽ። ልጄ "አያቴ፣ አይጧ አትናገርም" አለችሽ። እውነቷን ነበር እማዬ፣ አይጧ አፍ የላትም፣ ድሮም ተናግራ አታውቅም። አንቺ ግን "አንቺም እንዳባትሽ ትዘያለሽ?" አልሻት።

ልጅሽ