የማሙሽ ሽፍታና መቀመጫው ላይ ያለው ምልክት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ! አንቺስ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በቴሌግራም የላክሽውን ፎቶ ሁሉ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእማዬ ጮክ ብለሽ እንድታነቢላት ነው። ብደውልማ መሃል ላይ ታቋርጠኛለች።

መጀመሪያ ሽፍታው። እማዬ ቁንጫ ነው ብላ ፍራሹን ሁሉ አስወጥታ አራገፈች አሉ። ከፎቶው እንዳየሁት ቁንጫ አይመስለኝም፣ ምችም አይደለም። መሃሉ ላይ ቢጫ ጫፍ ያለው፣ ዙሪያው ቀላ ያለ ሽፍታ የእኔዋም ላይ በተወለደች ሰሞን ወጥቶባት ነበር። ጊዜያቸውን ጠብቀው ከሚወለዱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ይወጣባቸዋል። ጠዋት ደረቱ ላይ ያየሽው ማታ ይጠፋና ጭኑ ላይ ብቅ ይላል። ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ድራሹ ይጠፋል። አፍንጫው ላይ ያሉት ነጫጭ ፍሬዎችም በራሳቸው ይሄዳሉ፤ ብቻ እንዳትጨምቂያቸው።

ቅቤውን ግን እማዬ ትተወው። ከፋርማሲም ቱቦ ቅባት እንዳትገዙለት። ደሴ ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ በጋቢ ላይ ከደረባችሁበት ደግሞ ላቡ መውጫ ያጣና አንገቱና ብብቱ ሥር ሌላ ሽፍታ ይጨምራል። ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ ስስ የጥጥ ልብስ ማልበስ፣ በቃ።

አሁን መቀመጫው ላይ ወዳለው ሰማያዊ ምልክት ልምጣ። እማዬ «ማርያም ስማው ነው» ማለቷ ደስ ብሎኛል። ጎረቤታችሁ ግን «አዋላጇ ጨብጣው በልዞ ነው» ማለቷን ትተወው፤ ሴትዮዋን በከንቱ እያማችኋት ነው። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ወደ ላይኛው ቆዳ መውጣት ሲገባቸው ከሥር ቀርተው ነው እንዲያ የሚታየው። ጥቁር ሕፃናትና የእስያ ሕፃናት ላይ ሞልቷል፤ ባለሙያዎቹ ድሮ ሞንጎሊያን ስፖት ይሉት ነበር። አብዛኛው ትምህርት ቤት እስኪገባ ይደበዝዛል።

እኔን ግን ይሄው ምልክት ጉድ ሊሠራኝ ነበር። ልጄን መዋያ ባስገባኋት ሰሞን ዳይፐር የቀየረችላት ሞግዚት መቀመጫዋ ላይ አየችው። ልወስዳት ስሄድ ኃላፊዋ ቢሮ አስገብታ በሩን ዘጋችው። «ቤት ውስጥ ማን ማን አለ? ልጅቷን ማነው የሚይዛት?» እያለች ትጽፋለች። መመታት መጠርጠሯ ሲገባኝ እግሬ ከዳኝ። እዚህ አገር መምህርም ሞግዚትም ልጅ ተመትቷል ብለው ከጠረጠሩ ለመንግሥት ማሳወቅ በሕግ ግዴታቸው ነው። ያዳነኝ ሐኪሟ ገና ስትወለድ ቦታውንና መጠኑን ፋይሏ ላይ መጻፏ ነው። ወረቀቱ ሲመጣ ነገሩ በረደ። ኃላፊዋ ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ደግሞ ልጅ ለመጠበቅ የወጣን ሕግ አልጠላም፤ ያናደደኝ የጥቁር ልጅ ገላ ሳታውቅ ሞግዚት መሆኗ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ለምትወልድ ሐበሻ ሁሉ «ሐኪሙን አስጽፊው» እላለሁ። መለየቱ እኮ ከባድ አይደለም። የበለዘ ሲነኩት ያማል፣ በቀናት ውስጥም ቀለሙን እየቀያየረ ይጠፋል። ይሄኛው አያምም፣ ለወራት እንዳለ ይቆያል።

ስለ ጓደኛሽ ልጅ የጠየቅሽኝ፣ እንጆሪ የመሰለው ቀይ እብጠት የደም ሥር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ ቶሎ ያድግና ከዓመት በኋላ ቀስ እያለ ይሟሽሻል። ብዙውን ጊዜ ምንም አይደረግለትም። የእሷ ልጅ ግን ዐይኑ ሽፋን ላይ ስለሆነ እይታውን ሊጋርደው ይችላል፤ ሳይውል ሳያድር የቆዳ ሐኪም ይየው። ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ያሟሽሸዋል። ፈረንሳይ ቦርዶ ያሉ ሐኪሞች ናቸው ለልብ የሰጡት ሕፃን ላይ በአጋጣሚ አይተው በ2008 በፈረንጆቹ ያሳወቁት።

አሁን ይህቺን ሁለቴ አንብቢላት። ሙቀቱ 38 ከደረሰ፣ ጡት አልጠባም ካለ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ከወጣበት ጠበልም ዳማከሴም ሳትሉ በቀጥታ ሆስፒታል። ሽፍታውን በብርጭቆ ጫን አድርገሽ እዪው። ቀለሙ ካልጠፋ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰጂው። ጥቁር ቆዳ ላይ ለማየት ስለሚያስቸግር መዳፉንና የእግሩን መርገጫ ተመልከቺ። የእስካሁኑንም ቢሆን ለክትባት ስትሄጂ ለነርሷ አሳዪያት፤ እኔ ከፎቶ ነው የማወራው።

ቴርሞሜትርና የጥጥ ልብሶች በሰው እልካለሁ፣ ከክርስትናው በፊት ይደርሳሉ። ጀርባውን በቀን ብርሃን አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ያ የምትወጂው ፊልተር ይቅር።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ